አራት ጣት ክፍተት

የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው በባዶ የእህል ፉርጎ ነው። እያንዳንዱ ፉርጎ ጎኑ ላይ የተበየደች ትንሽ የብረት ኪስ አለችው፤ ምን እንደጫነና ወዴት እንደሚሄድ የተጻፈበት ካርድ ይቀመጥባታል። እኔ የፉርጎ መርማሪ ነኝ። ሰኞ ሰኞ የዱቄት ፋብሪካው ባዶ ፉርጎዎች ወርክሾፓችን ሲደርሱ ከሥራቸው እገባለሁ፣ ብረቱን በመዶሻ እየመታሁ ድምፁን እሰማለሁ፣ የተሰነጠቀውን ከደህናው እለያለሁ። የዚያን ቀን ካርዱን ላወጣ እጄን ብሰድ ነጭ ፖስታ ወጣ። ላዩ ላይ በሚያምር ጽሕፈት «ይድረስ ለተከበሩ ለጋሼ የፉርጎ መርማሪ» ይላል።

ወርክሾፑ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጋሼ እያሉ ከመቀመጫቸው ተነሡልኝ፤ ጺሜን የት እንደጣልኩት ጠየቁኝ። ያልሳቀው አለቃችን ብቻ ነው።

«የፋብሪካዋ ባለቤት ልጅ ነው» አለኝ። «መጥቶ ጥያቄ አለኝ ቢለኝ፣ ሥራ አታስፈታን፣ በደብዳቤ ጠይቅ ብዬ ሸኘሁት። አንቺ መልሺለት። በትሕትና ግን።»

ከእኔ ትሕትና የሚጠብቅ ሰው አያውቀኝም ማለት ነው። ሠራተኛው ያወጣልኝ ስም ሬት ነው። አለቃችንም ያውቃል፤ ለወጉ ያህል ነው ያለው።

ደብዳቤውን ከፈትኩት። ሲሙሌተር የሚባል የኮምፒውተር ባቡር መንጃ አለ። የዓለም ባቡር ሁሉ እዚያ ውስጥ ሲገኝ የእኛ መስመር ያረጁ የናፍጣ ሎኮሞቲቮችና የእህል ፉርጎዎች ግን የሉም። ስለዚህ ሰውየው ቡሎን በቡሎን ሊሠራቸው ተነሥቷል። የጣሪያው መጫኛ ክዳን ስንት ማጠፊያ እንዳለው ብነግረው ውለታዬን አይረሳም።

ዕድሜው ሠላሳ አምስት ነው። በሠላሳ አምስት ዓመቱ፣ እናቱ ፋብሪካ ፎቅ ላይ ተቀምጦ፣ ባቡር ባቡር ይጫወታል! እኛ በደረታችን እየተሳብን፣ ግራሶ ዓይናችን ላይ እየተንጠባጠበ የምንጠግነውን ፉርጎ እሱ ጥፍሩን ሳያቆሽሽ ሊሠራው ነው። ናቅሁት። ደስ እያለኝ ናቅሁት።

«አንተ ሰው» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱ እርስዎ ቢለኝም። «ማጠፊያው ስድስት ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ መቁጠር ይበቃል። ፋብሪካችሁ መሰላል ከሌለው እናውስሃለን። እዚህ ጋሼ የሚባል ሰው የለም።»

ደብዳቤዬ ሐሙስ በዚያው ፉርጎ ሄደ። ሰኞ መልሱ መጣ። «ወጥቼ ቆጠርኩ። ስድስት ነው፤ አንድ ፉርጎ ላይ ግን አምስት ሆኖ አገኘሁት። ስድስተኛው ተነቅሎ ቦታው በብየዳ ተደፍኗል። በያጁ ጥሩ እጅ አለው። ለምን ተነቀለ?»

የደፈንኩት እኔ ነበርኩ። ረስቼው ነበር። በዚህ መሥሪያ ቤት በሠራሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት ብየዳዬን ልብ ብሎ ያየው የመጀመሪያው ሰው እሱ መሆኑ በጣም አናደደኝ።

ያን ቤተሰብ የናቅሁት በጨዋታ ምክንያት እንዳይመስላችሁ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አባቴ የዚሁ መስመር ነጂ ነበር፤ ከነጂዎቹም አንደኛ። ፋብሪካዋ አዲሱን ወፍጮ ባስመረቀች ቀን ከጎተራው ስንዴ ጭኖ ሲወርድ ባቡሩ ትልቁ ቁልቁለት ላይ አመለጠው። ኩርባው ጋ ሲደርስ ከሐዲድ ወጣ። ረዳቱ አንድ እግሩን አጣ። ምርመራ ሲደረግ የፋብሪካዋ ባለቤት ቀረበችና «ከመነሣቱ በፊት አናግሬው ነበር፤ አፉ መጠጥ መጠጥ ይሸት ነበር» አለች። አባቴ በሕይወቱ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። ግን ከእሷና ከእሱ የማን ቃል ይሰማል? ከሥራ ተባረረ። ሰካራሙ ነጂ የሚል ስም ተለጥፎበት ቤት ዋለ። እኔ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋንም፣ ዱቄቷንም፣ ዱቄቷን ተሰልፎ የሚገዛውንም ሕዝብ ንቄ ኖርኩ። ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሣኝ ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ለልጇ በየሐሙሱ እጽፍ ነበር። ለመስደብ ነው እያልኩ። የሎኮሞቲቩን ቀለም «የበሰበሰ ብርቱካን» ብሎ ቢገልጸው «ቀለም ስትመርጥ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር?» ብዬ መለስኩለት፤ ከዚያ ደግሞ ትክክለኛውን ቀለም ከአሮጌ ቆርቆሮ ላይ ፍቄ በወረቀት ጠቅልዬ ላክሁለት። አለቃችን ይህን አይቶ ጉሮሮውን ጠረገ እንጂ ምንም አላለም።

በሁለተኛው ወር ራሱ መጣ። ያረጀችውን ሎኮሞቲቭ ድምፅ ሊቀዳ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወርክሾፕ የሚመጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ፍረዱ። ከፉርጎ ሥር ሆኜ የተወለወለ ጫማ አጠገቤ ሲቆም አየሁ።

«ጋሼ መርማሪን ፈልጌ ነበር።»

«ሞተዋል» አልኩት።

ጫማው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየኝ። ፊቴ ግራሶ፣ ፀጉሬ በጨርቅ የታሰረ፣ እጄ ላይ መዶሻ። ሴት በመሆኔ የሚደነቅ መስሎኝ መልስ አዘጋጅቼ ጠበቅሁት።

«ልክ እንደ ደብዳቤሽ ነሽ» አለ።

«እንዴት?»

«ሰላምታ የለሽም።»

ያዘጋጀሁት መልስ ለሌላ ነገር ነበር። እሱ ደግሞ ሳልጋብዘው፣ በነጩ ሸሚዝ፣ በጀርባው ተኝቶ ከፉርጎው ሥር ገባ። ሜትሩን አውጥቶ መለካት ጀመረ። ከላዩ አንድ ጠብታ የተቃጠለ ዘይት ደረቱ ላይ ወደቀ፤ አላየውም። ሁለተኛም ወደቀ። እሱ ግን ሞላዎቹን ነበር የሚያየው፤ የፉርጎውን ክብደት የሚሸከሙትን ጥምዝ ብረቶች።

«ሙሉ ጭነት ሲጫን ምን ያህል ይወርዳሉ?»

«አራት ጣት ክፍተት መቅረት አለበት» አልኩና አራቱን ጣቶቼን ከሞላው በላይ ባለው ክፍተት ውስጥ ሰድጄ አሳየሁት። እሱም የራሱን ጣቶች ከጎኔ ሰደደ። የእሱ ቀጫጭን ናቸው።

«በማን ጣት?» አለ።

«በእኔ ነዋ!»

ማስታወሻውን አወጣና ጻፈ። ሰርቄ አየሁት። «አራት ጣት፣ በእሷ ጣት» ይላል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ከፉርጎ ሥር ቦታ ጠባብ ነው፤ ዓይን ቢሸሽ የሚሄድበት የለውም። ያን ቀን ማታ እጄን ስታጠብ አራቱን ጣቶች ለብቻ አጠብኳቸው። ራሴን ታዘብኩ።

ከዚያ ወዲህ በደብዳቤው አንቺ አለኝ። እኔም ስድቤን አላቆምኩም፤ ግን ስድቡ ረዘመ፤ ገጽ መሙላት ጀመረ። ከሳምንታት በኋላ እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ፦ «አንድ የቆየ ፎቶ ላይ የተጫነ ፉርጎ አገኘሁ። አጉልቼ ሳየው የሞላው ክፍተት ከአንድ ጣት አይበልጥም። አንቺ አራት ብለሽኛል። የቱን ልሥራ?»

ምን ፎቶ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለመጠየቅ ሰውን ከራስ እኩል ማድረግ ያስፈልጋል። «አራት ነው» ብዬ መለስኩ። «አንድ ጣት የሚቀረው ያበደ ሰው ሲጭነው ነው። እንዲያ የተጫነ ባቡር ቁልቁለት ላይ ከተነሣ ማንም ነጂ አያቆመውም። ወይ ፎቶው ውሸት ነው፣ ወይ ዓይንህ።»

ለሁለት ሳምንት አልጻፈም። ሁለቱንም ሰኞ ኪሱን ስዳብስ ካርድ ብቻ ወጣ። በሦስተኛው «ሎኮሞቲቯ ተጠናቃለች። የመጀመሪያዋ ነጂ አንቺ ሁኚ። ቅዳሜ ከሰዓት» የሚል አጭር ወረቀት መጣ። ጽሕፈቱ እንደ ወትሮው አላማረም።

ሄድኩ። የናቅሁት ፋብሪካ ውስጥ፣ ቱታዬን ሳልቀይር፣ በዋናው በር ገባሁ። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስት ስክሪን፣ ከእንጨት የተሠራ የመንጃ እጀታ፣ ግድግዳው ላይ በሙሉ የፉርጎ ሥዕል። አስቀመጠኝና የጆሮ ማዳመጫ አደረገልኝ። ሞተሩ ሲነሣ ያቺ አሮጊት ሎኮሞቲቭ ናት፤ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ታስላለች፣ ከዚያ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ረጋ ትላለች። ልጅ ሆኜ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ከሩቅ የምሰማው ድምፅ ነው። ከጎተራው ተነሣሁ። በስተግራ ውኃ ማማው አለፈ፤ ወደ ኋላ ሳይ የፉርጎዎቹ ዝገት እንኳ በቦታው ነው፤ የረጠበ የስንዴ ብናኝ ከጣሪያው ክዳን ሥር የሚያመጣው ዝገት፣ እኛ ብቻ የምናውቀው። ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ ኩርባው ጋ ባቡሩ እንደ በግ ታዘዘኝ።

«አራት ጣት ነው?» አልኩት።

«በአንቺ ጣት» አለ። ግን አላየኝም። ሌላ የሚለው ነገር እንዳለ አፉ ላይ ታየኝ።

በሩ ተከፈተና እናቱ ገባች። መጀመሪያ ያየችው ወለሉን ነው። ጫማዬ ምንጣፉ ላይ ሁለት የጠቆረ ምልክት ትቷል።

«ይህቺ ደግሞ ማናት?»

«ከወርክሾፑ...» አለ እሱ።

«አወቅኋት። የሰካራሙ ነጂ ልጅ አይደለሽ? ፊትሽ እሱን ነው።» ወደ ልጇ ዞረች። «ፉርጎ ጥገና ካስፈለገህ ፉርጎው ጋ ሂድ። እዚህ አታምጣልኝ።»

እሱን አየሁት። አንድ ቃል ነበር የምፈልገው። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው አወረደ። ግድግዳውን ያለበሰው የሥዕል ብዛትና የልቡ ማነስ! በሕይወቴ የናቅኋቸውን ሰዎች ሁሉ በአንድነት ብትሰበስቧቸው ያን ሰዓት እሱን የናቅሁትን ያህል አይሆኑም። የጆሮ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ግቢው በር ጋ ስደርስ ዞሬ መስኮቱን አየሁ፤ ንቀት ወደ ኋላ እንደማያስዞር እያወቅሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሰኞ ሦስት ደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያው ወፍራም ነበር። ሦስቱንም ሳልከፍት በመጡበት ኪስ መልሼ ከተትኳቸው። ሐሙስ ሐሙስ ፉርጎው ይዟቸው ሲሄድ ቆሜ አያለሁ። ጠንካራ ሴት ነኝ ብዬ አሰብኩ።

በአራተኛው ሰኞ ደብዳቤ አልመጣም። ማክሰኞ እናቱ መጣች።

ከፉርጎ ሥር ነበርኩ። የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ከዚያ ጠጠሩ ላይ የሚቸገር ባለ ተረከዝ ጫማ መጣ።

«ውጪ፤ ላነጋግርሽ ነው።»

«ከዚህም እሰማለሁ እትዬ።»

እንደማልወጣ ሲገባት ከፉርጎው ጋር ማውራት ግድ ሆነባት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ የጻፈልሽን አንብቤዋለሁ። ሦስቱንም የበሩ ዘበኛ አምጥቶልኛል። አሁን በግልጽ ንገሪኝ። ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

ብረቱን በመዶሻ መምታቴን ቀጠልኩ። የመዶሻው ድምፅ አስፈራት መሰለኝ፣ ንግግሯ ፈጠነ።

«ፎቶ ላይ ሞላ አየሁ ይላል። በጨዋታ ሞክሬ አረጋገጥኩ ይላል። በጨዋታ! ማን ይሰማዋል? ያን ቀን የተጫነው ተጭኗል። ምረቃ ነበር፤ እንግዳ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ያኔ ሁሉም እንዲያ ነበር የሚጭነው። አባትሽ ቢሆን ሥራውን ነው ያጣው እንጂ ሌላ ምን...»

መዶሻው ከእጄ ወደቀ። በክርኔ ተስቤ ወጣሁ። ቆሜ አየኋት።

«ምን አሉ?»

ፊቴን አየች። ከዚያ ቀስ በቀስ ገባት። ቀለሟ ተለወጠ።

«አላነበብሽውም» አለች።

ያን ያህል ዓመት ያቺን ሴት ወድቃ ለማየት ስመኝ ኖሬአለሁ። ስትወድቅ ግን ደስ አላለኝም። ዓይኔ ፊት የነበረው ሳልከፍተው የመለስኩት ወፍራም ፖስታ ነበር።

ቀጥ ብዬ ፋብሪካው ሄድኩ። ዘበኛው ሊያቆመኝ እጁን አንሥቶ ፊቴን ሲያይ አወረደው። እሱ ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል። ጺሙን አልተላጨም።

«ታውቅ ነበር» አልኩት።

«አውቅ ነበር።»

«የሰካራም ልጅ ስትለኝም?»

«ያኔም።»

ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ሊሰደብ የተዘጋጀን ሰው መስደብ ምን ይባላል? ሰደብኩት እንጂ። «ፈሪ! የብረት ዝገት ሳይቀር ታያለህ፣ ፊትህ የተቀመጠች ሰው ስትዋረድ ግን አታይም። አባቴ አሥራ ሁለት ዓመት መስኮት ዘግቶ ሲኖር አንተ እዚህ ሆነህ ማጠፊያ ትቆጥራለህ። እናትህ እንኳ ካንተ ትሻላለች፤ ክፋቷን ደረቷን ነፍታ ነው የምትሠራው!»

«እውነትሽን ነው» አለ።

«እውነትሽን ነው አትበለኝ!»

«ታዲያ ምን ልበል? ፎቶው እናቴ ቢሮ ግድግዳ ላይ ነበር። በምረቃው ቀን ጎተራው ጋ፣ ባቡሩ ሳይነሣ፣ አበባ ይዛ የተጫነው ፉርጎ ፊት ቆማለች። ስንት ዓመት አይቼዋለሁ፤ እሷን እንጂ ከኋላዋ ያለውን አላየሁም። ፉርጎው ላይ ያለውን የድሮ ጽሑፍ ልኮርጅ ባጎላው ሞላው ተኝቷል። አንቺን ጠየቅሁሽ። ማንም ነጂ አያቆመውም ብለሽ ጻፍሽልኝ። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።» ዓይኑን ከስክሪኑ አነሣ። «ያን ቅዳሜ የጠራሁሽ ልነግርሽ ነበር። መጀመሪያ ደስ ብሎሽ ልይሽ አልኩ። ከዚያ እናቴ ገባች። ከልጅነቴ ጀምሮ እሷ ስትገባ ምላሴ ይታሰራል። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ተነሥቶ የጆሮ ማዳመጫውን አቀበለኝ።

«አንድ ጊዜ ንጂው» አለ። «ያን ቀን እንደተጫነው አድርጌዋለሁ። ከዚያ ብትፈልጊ ውጪ፤ አልከተልሽም።»

ተቀመጥኩ። ሞተሩ አሳለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ረጋ አለ። ከጎተራው ተነሣሁ፤ ባቡሩ ከባድ ነው፣ እጀታው ላይ ይሰማል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ፍሬን ያዝኩ። ያዘልኝ። ከዚያ ለቀቀ። ጨመርኩ። የፍጥነት መለኪያው አርባ ሲል አየሁት፤ ሃምሳ። ሙሉ ፍሬን ያዝኩ። ስልሳ። ኩርባው መጣ።

እንደገና ጀመርኩ። አስቀድሜ ያዝኩ፤ አልቆመም። እንደገና። ገና ሳልነሣ ፍሬኑን ይዤ በጣም በዝግታ ወረድኩ፤ ኩርባው ጋ ከመድረሴ በፊት አመለጠኝ። ሰባት ጊዜ ነዳሁት። በሰባተኛው ላይ እጀታውን የያዘው እጅ የእኔ መሆኑ ጠፋኝ። የአባቴን እጅ ነበር የማየው። ሁሉን አድርጓል። ሁሉን ሲያደርግ እየታየው ነው ኩርባው የመጣው።

አለቀስኩ። ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚለቀስ እንኳ በወጉ አላውቅበትም፤ እንደሚያስነጥሰው ሰው ነበርኩ። እሱ አልነካኝም። ወንበሩን ትቶ ወለሉ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«ፎቶውንና ስሌቱን ዛሬ ጠዋት ለምድር ባቡር መሥሪያ ቤት በስሜ አስገባሁ» አለ። «ለእናቴም ትናንት ነገርኳት። ለእነዚያ ሰዎች ብለህ ነው? አለችኝ። አዎ አልኳት። አንድ ቃል ናት፤ ለማውጣት ሠላሳ አምስት ዓመት ፈጀብኝ። ናቂኝ፤ ይገባኛል። ግን እወድሻለሁ። በየሰኞው የምትሰድቢኝን እያነበብኩ ነው ሰው መሆን ያማረኝ።»

እወድሃለሁ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን ይህን ነው፦ «ለአባቴ አንተው ራስህ ንገረው።»

በማግስቱ ከሥራ ስንወጣ ቤታችን መጣ። አባቴ እንደ ወትሮው መስኮቱ አጠገብ፣ መጋረጃው እንደተዘጋ ተቀምጧል። የማን ልጅ እንደሆነ ስነግረው ፊቱ አልተለወጠም፤ ወንበር አሳየው። ልጁም ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ ከፈተ። ሎኮሞቲቯ ብቅ ስትል አባቴ ከወገቡ ቀና አለ። መነጽሩን አደረገ። ለረጅም ጊዜ አያት።

«የግራው የመስታወት መጥረጊያ አጭር ነበር» አለ። «ከሌላ መኪና ነው የገጠምንላት።»

«አስተካክለዋለሁ አባባ።»

ከዚያ ልጁ ስለ ፎቶው፣ ስለ ሞላው፣ ስለ ቁልቁለቱ ነገረው። ሳይፈጥን፣ ሳያሳምር፣ እናቱን ሳይደብቅ ነገረው። ሲጨርስ «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። መጠጥም፣ ስንፍናም አልነበረም። ማንም አያቆመውም ነበር» አለ።

አባቴ ሊያቅፈው ነው ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ግን «አጥፋው» አለ።

አጠፋው።

«አልጠጣሁም» አለ አባቴ።

«እናውቃለን አባዬ።»

«ቆይ፣ አታቋርጪኝ። አልጠጣሁም። ሞላውን ግን አይቼዋለሁ።»

ምን እንዳለ ወዲያው አልገባኝም።

«ሳልነሣ በፊት በዙሪያው ሄጄ አይቼዋለሁ። ያላየሁ መስዬ ነው ምርመራው ላይ የቆምኩት። ረዳቴ፣ ጋሼ አንነሣ፣ ግማሹን ያራግፉ አለኝ። ሄጄ ለሴትዮዋ ነገርኳት። እንግዶቿ ፊት ሳቀችና፣ አንደኛው ነጂ ፈራ እንዴ? አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።» እጁን ጉልበቱ ላይ አሸ። «ተመልሼ ወጣሁ። ረዳቴ እንደገና ሲለምነኝ፣ ዝም በል፣ ፈሪ ከሆንክ ውረድ አልኩት። እኔን ትቶ አልወርድ አለ። እግሩን ያጣው እሱ ነው። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ሦስት ጊዜ መጥቶ ይህን በር አንኳኳ። አልከፈትኩለትም። የሚያየኝን ዓይን ፈርቼ።»

አሥራ ሁለት ዓመት የቆምኩበት ወለል ከሥሬ ሲሄድ ተሰማኝ። እኔ ስንቅ የኖርኩት አንድ ንጹሕ ሰው አለኝ ብዬ ነበር። ለእሱ ብዬ ነበር ሰውን ሁሉ ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ያየሁት። ቀና ስል ልጁ እያየኝ ነው። ድል ያደረገ ሰው ዓይን አልነበረም። አዝኖልኛል።

አባቴ ተነሣ። ካፖርቱን ከማንጠልጠያው አወረደ። አንዱን እጅጌ አጥልቆ ሌላውን ሲስተው ልጁ ብድግ ብሎ ያዘለት። አባቴም አልከለከለውም።

«የት ልትሄድ ነው?» አልኩት።

«ረዳቴ ጋ። ቤቱን አልለወጠም አሉ። ነገ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ጋ ሄጄ ያንተ ወረቀት ላይ የእኔን እጨምራለሁ» አለ ወደ ልጁ ዞሮ። «የጎደለ ወረቀት ነው የሰጠሃቸው።»

«አብሬህ ልምጣ አባዬ?»

«አይሆንም። እንዲህ ያለ ቦታ ብቻ ነው የሚኬደው።»

በሩን ከፍቶ በቀን ብርሃን መንገድ ላይ ወጣ። ጎረቤት ዞር ብሎ አየው። እሱ አንገቱን አልደፋም፤ አላቀናም። እንደማንኛውም ሰው ሄደ። ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ ደጃፉ ላይ ቆሜ አየሁት።

ስመለስ ልጁ ኮምፒውተሩን ከቦርሳው ውስጥ ከቶ ቆሟል።

«እኔም ልሂድ» አለ። «ዛሬ ብቻሽን መሆን ሳትፈልጊ አትቀሪም።»

እርግጥ ነው፣ ሌላ ቀን ቢሆን በሩን አሳየው ነበር። አባቴ ምን ተብሎ እንደሚመለስ አላውቅም። ያ ሰውዬ በሩን ይክፈትለት አይክፈትለት አላውቅም። መሥሪያ ቤቱ የጨመረበትን አይቶ ነፃ ያወጣዋል ወይስ እንደገና ይፈርድበታል፣ አላውቅም። የማላውቀው ነገር ይህን ያህል በዝቶብኝ አያውቅም፤ ማንንም ደግሞ የምንቅበት አቅም አልነበረኝም። እጄ ባዶ ሆኖ ፈራሁ።

«ቁጭ በል» አልኩት።

እንደ ትእዛዝ ወጣብኝ። እሱ በሩንና እኔን እያየ አመነታ። ያልወጣልኝ አንድ ቃል ነበር፤ ትንሽ ቃል፣ ሕፃን የሚለው። ቆይቶ ወጣ።

«እባክህ» አልኩት።

ተቀመጠ።